አበበ ቢቂላ በአዲሱ መስኮት

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ ሁለተኛውን ወርቅ ሲያገኝ፣ ጃፓናውያን እቤታቸው ተቀምጠው በቴሌቪዥን ይከታተሉት ነበር። የገዛ ሀገሩ ግን ገና ቴሌቪዥን አልነበራትም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ከ12 ቀናት በኋላ፣ ጥቅምት 23፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው፤ እርሱም በጥቁርና ነጭ፣ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ብቻ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ «ኤችዲ» እያልን የምንጠራው የጠራ ምስል ታሪክም የሚጀምረው ከዚያው ውድድር ማግስት ነው። የጃፓኑ ማሠራጫ ኤንኤችኬ የመጪውን ዘመን ቴሌቪዥን ማጥናት የያዘው ያን ጊዜ ሲሆን፣ ከብዙ ዓመታት ድካም በኋላ 1125 መስመር ያለው ምስል አስገኘ።

በእኛ ዘንድ የኖረው ሥርዓት 625 መስመር ነበረው። ከእነዚህ 49ኙ ምስል አይሸከሙም፤ ለዐይን የሚተርፈው 576 ነው። ይህ ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ነጥብ ይሆናል። የሙሉው ኤችዲ 1920 በ1080 ሲባዛ 2,073,600 ይመጣል። እንጀራዬ ከቁጥር ነውና ደጋግሜ አስልቼዋለሁ፤ ልክ አምስት እጥፍ ነው፣ ሳንቲም አይጎድለውም።

አሮጌው ሞገድ ከምሰሶ ተነሥቶ በምድር ላይ ስለሚጓዝ፣ እንደ ሸዋ ቤንች ባለ ኮረብታና ደን በበዛበት አገር ተራራ መትቶ ሲመለስ አንዱን ተናጋሪ ከነጥላው ሁለት ያደርገዋል። ዲጂታሉ ከሳተላይት ቁልቁል ስለሚወርድ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ያለ ሰው የሚያየው አዲስ አበባ ያለው የሚያየውን ነው። ይሁንና አሮጌው በነጠብጣብ ተሸፍኖም ቢሆን ድምፁን ያሰማ ነበር፤ አዲሱ ምሕረት የለውም። በዚህ በቡናው አገር ከባድ ዝናብ ሲወርድ ሞገዱ በጠብታው ይዳከማል፤ ምስሉ መጀመሪያ እንደ ተሰበረ ሸክላ ይቆራረጣል፣ ቀጥሎ ጨርሶ ይጠፋል።

ስፋቱም ከ4 ለ3 ወደ 16 ለ9 ተለውጧል። ስለዚህ በየሻይ ቤቱ አሮጌ ቅጂ በአዲሱ ስክሪን ላይ ተለጥጦ ሲታይ ቀጭኑ ሁሉ ይወፍራል። የሚያስተካክለው ቁልፍ ሪሞቱ ላይ አለ፤ የሚነካው ሰው ግን አላየሁም።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ኮን ኢቺካዋ የቶኪዮውን ኦሊምፒክ የቀረጸው በሲኒማ ፊልም ነበር። ፊልም በመስመር አይቆጠርም፤ በላዩ ያረፈው ዝርዝር ከዘመኑ ቴሌቪዥን እጅግ የላቀ ነው። በቅርብ ዓመታት ታድሶ ሲወጣ፣ አበበ ሲሮጥ ላቡ ከአገጩ ሲንጠባጠብ ይታያል። ከ20 ዓመት በኋላ፣ ቴሌቪዥናችን በ1970ዎቹ አጋማሽ ቀለም ከለበሰ ወዲያ፣ በቴፕ የተቀዳው ግን የቱንም ያህል ውድ ስክሪን ቢገዛለት ያልተቀረጸውን ነጥብ አያመጣም። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለው የሠርግ ካሴት ደግሞ ከሥርጭቱም ያነሰ ዝርዝር ነው የያዘው። ልጆቻችን የአበበን የላብ ጠብታ ይቆጥራሉ፤ በሙሽሮቹ አጠገብ የተቀመጡት አያታቸው ግን ዐይናቸው ተከፍቶ ይሁን ተከድኖ መለየት አይችሉም።