ስለ ክፉ ቀንና ስለ ተስፋ

መከራ ሲረዝም የሰው ልብ ወደ ሁለት ወገን ያዘነብላል። አንዱ እግዚአብሔር ረስቶኛል ብሎ ይቈርጣል፤ ሌላው ነገ ያልፋል እያለ ራሱን ይደልላል። እውነተኛ ተስፋ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ይህንም ለማስተዋል ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው ጎዳና ላይ ያሉት መርሳና ወልድያ፥ በዙሪያቸውም ያሉት ሀብሩና የጁ፥ ተስፋ ደጋግሞ የተፈተነባቸው አገሮች ናቸው።

ከፈተናዎቹ ሁሉ ስሙ ያልተረሳው ክፉ ቀን የተባለው ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣልያኖች ወደ ምጽዋ ካስመጧቸው ከብቶች ጋራ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባና አገሩን አዳረሰ። ከ10 ከብት 9 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ዝናሙም ታጐለ፤ አንበጣና ተምችም ተነሣ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አጤ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ሐዘን በሐዘን ላይ ተደረበ። ዝናም ቢመለስም በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለምና ረኀቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። ከሕዝቡ ሲሶው ያህል አለቀ ብለው የጻፉ አሉ፤ ወሎም እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበረ።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዳዊት የሚደግም ሰው ከመዝሙሩ ቀጥሎ የነቢያትን ጸሎት ያደርሳል። ከነዚህም አንዱ የዕንባቆም ጸሎት ነው። ነቢዩ በዚያ ጸሎት የሚናገረው እርሻ ፍሬ ስለሚነሣበት፥ በረትም ከብት ስለሚያጣበት ዘመን ነው። ይህን ጸሎት በክፉ ቀን ያደረሰ ካህን በመጽሐፉ ያነበበውን በደጁ ያየው ነበር። ነቢዩ ግን ከብቱ በቶሎ ይመለሳል ብሎ አልጨረሰም፤ በረቱ ባዶ ሳለ በአምላኩ መደሰትን መረጠ እንጂ። ተስፋውም በእህልና በከብት ላይ አልቆመም፤ ስለዚህም እህልና ከብት ሲጠፉ አብሮ አልጠፋም።

እንዲህ ያለው ተስፋ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። አጤ ምኒልክ በዚያ ዘመን ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቈፈሩ፥ መኳንንቱም እንደ ተከተሏቸው በታሪክ ተጽፏል። ለነገ ተስፋ የሌለው ሰው መሬት አይቈፍርም፤ ስለዚህ የዶማው ሥራ ራሱ የጸሎት ወንድም ነው።

ሰማንያ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፥ የወሎ ገበሬ ዳግመኛ ተፈተነ። የቆላው ሕዝብ ሰብሉና ከብቱ ጠፍቶበት እንጀራ ፍለጋ ወደ ታላቁ ጎዳና ወጣ፤ ብዙ ሺህ ሰውም አለቀ። ህንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን በኋላ ነገሩን መርምሮ፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ እንዳልናረ፥ ገበሬው ግን የሚገዛበት እንዳጣ፥ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የወጣ እህል እንደ ነበረ ጽፏል። መንግሥትም ነገሩን ሸሽጎ ቆየ። እንግዲህ ያን ጊዜ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ብሎ ዝም ማለት የኢዮብን ወዳጆች መምሰል ነበረ። እነርሱ ስለ እግዚአብሔር የተሟገቱ መሰላቸው፤ እግዚአብሔር ግን ገሠጻቸው። ሰው ለሰው የነፈገውን እንጀራ በፈጣሪ ማሳበብ ሃይማኖት አይባልም።

በ1977 ዓ.ም. ረኀቡ ተመለሰ። ደግሞም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ተይዛ መብራትም ስልክም ባንክም አጥታ ከረመች። በነዚህ ሁሉ ዘመናት የአገሩን ልማድ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ዝናም ሲታጐል ወይም መከራ ሲወርድ ክርስቲያኑ በምሕላ እግዚኦ ሲል፥ እስላሙ ጎረቤቱ ዱዓ ያደርጋል። ሁለቱም ያላቸውን ጥቂት እህል ይካፈላሉ፤ የሞተውንም አብረው ይቀብራሉ።

ስለዚህ መከራ የረዘመበትን ሰው ያልፋል ብቻ ብሎ መሸኘት አይገባም። ቀኑን የሚያውቅ የለምና፥ ቀኑ በዘገየ ጊዜ ያ ቃል ሐዘንን ያብሳል። የሚገባው ከባዶው በረት አጠገብ አብሮ መቆም፥ አብሮ መጸለይ፥ ጎተራ ያለውም ጎተራውን መክፈት ነው። በሀብሩ በኩል ያለው የሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ለደረቅ አገር የሚስማማ የማሽላ ዘር መፈለጉ ከዚሁ ሥራ ይቈጠራል። ዘር የሚመርጥ ሰው ገና ላልመጣው ዝናም ይዘጋጃል፤ ዝናሙን የሚሰጥ ግን እግዚአብሔር ነው።