ስምንት፣ ስድስት፣ አራት

ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ መንግሥት አውቶሞቢል ሠሪዎችን በሕግ ያዛቸው። በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት፣ የአንድ ፋብሪካ የቤት አውቶሞቢሎች በአንድ ጋሎን ቤንዚን በአማካይ በ1978 18 ማይል፣ በ1985 ደግሞ 27.5 ማይል መጓዝ ነበረባቸው። ደንበኞቹን ሰፊና ከባድ መኪና ላስለመደው ለካዲላክ ይህ ብርቱ ፈተና ነበር።

ለ1981 ሞዴል የቀረበው መፍትሔ በሐሳብ ደረጃ የሚደነቅ ነው። ባለ 6 ሊትሩ ሞተር ጉልበት ሲፈለግ በስምንቱም ሲሊንደሮች፣ ጭነቱ ሲቀል በስድስት ወይም በአራት ብቻ እንዲሠራ ታቀደ። ከኢተን ኩባንያ የተገኘው ስልት ሲሊንደሩን የሚያስተኛው ቫልቮቹን በመዝጋት ነበር፤ ሶሌኖይድ የቫልቭ ገፊውን ክንድ መደገፊያ ሲለቅቀው፣ ክንዱ ቢወዛወዝም ቫልቩ አይከፈትም። በውስጡ የታፈነው አየር እንደ ሞላ እየተጨመቀ ይመለሳል። የቀሩት ሲሊንደሮች ሥራውን ለመሸፈን የአየር መግቢያው ሰፋ ብሎ ስለሚከፈትላቸው፣ ሞተሩ አየር ለመሳብ የሚያባክነው ጉልበት ይቀንሳል። ስንት ሲሊንደር እንደሚሠራ በቁጥር የሚያሳይ መስኮትም ለነጂው ተበጀለት፤ ነጂው ይህን በማወቁ ምን እንደሚያተርፍ ግን የነገረው አልነበረም።

ጣጣው የመጣው ከኮምፒዩተሩ ነው። የዚያን ዘመን ኮምፒዩተር የነጂውን እግር ተከትሎ ፈጥኖ ለመወሰን አቅም አነሰው፤ ሲሊንደሮቹ በተኙና በነቁ ቁጥር መኪናው ያመነታል፣ ይንገጫገጫል። ፋብሪካው የኮምፒዩተሩን የማስታወሻ ቺፕ ደጋግሞ ቢለውጥም ቅሬታው አልበረደም። ካርቡሬተር ፈትቶ መግጠም የለመደው መካኒክ፣ አሁን የብልሽት ቁጥር ከአየር ማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ ላይ እንዲያነብ ተገደደ።

መላው የተገኘው ከዚያው ከጋራዡ ነው። ሲሊንደር ማስተኛት የሚፈቀደው በከፍተኛው ማርሽ ብቻ ስለ ነበር፣ ይህንኑ ለኮምፒዩተሩ የሚነግር ሽቦ ከካምቢዮው ይነሣል። ሽቦው ሲነቀል ሞተሩ ዘወትር በስምንት ይሠራል። ብዙ ባለመኪናዎች ለአዲሱ ጥበብ ገንዘባቸውን ከከፈሉ በኋላ ይህንኑ አስደረጉ፤ ሞተሩም ጠንካራና የማያስቸግር ሆኖ ተገኘ። ብረቱ ነውር አልነበረበትም። ሊወቀስ የሚገባው፣ በሙከራ መንገድ ላይ ማለቅ የነበረበትን ሥራ በደንበኛው ትከሻ ላይ የጫነው ጥድፊያ ነው።

ስልቱ ከ1981 በኋላ በሊሙዚኖች ላይ ብቻ እስከ 1984 ቆይቶ ቀረ። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ መርሰዲስ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ክራይስለርና ራሱ ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በ2000ዎቹ፣ እጅግ ፈጣን በሆኑ ኮምፒዩተሮች መልሰው አመጡት። በእነዚህኞቹ መኪናዎች ሲሊንደር ሲተኛና ሲነቃ አብዛኛው ነጂ አያውቀውም።