ሦስተኛው ስም

በባንክ የሒሳብ መክፈቻ ቅጽ ላይ ሦስት ክፍት ቦታዎች አሉ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። በአሶሳ ከተማ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጦ እንጀራውን ለሚበላ እንደ እኔ ላለ ሰው እነዚህ ሦስት ቦታዎች የዕለት ልማድ ከመሆን አልፈው ትርጉም አልነበራቸውም። አንድ ቀን ግን በከተማዋ ዙሪያ ካሉት የሠፈራ መንደሮች የመጣ አንድ ጎልማሳ ሦስተኛውን ስም ጽፎ ሲያበቃ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «እኚህን ሰው እኮ አላውቃቸውም፤ ስማቸውን ይዤ እዞራለሁ እንጂ መልካቸውን እንኳ አላየሁም» አለኝ። ወረፋ ነበርና ብዙ አላወራንም። ነገሩ ግን ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላም አልለቀቀኝም።

የዚህ ሰው አባት ከወሎ የመጡት በ1977 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን የደረሰበት ያስታውሰዋል፤ ያልደረሰበትም ሰምቶታል። ድርቁና ረሃቡ በበረታበት በዚያ ወቅት የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. አንሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አሠፈረ። አሶሳ ያን ጊዜ የወለጋ ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበረች፤ መተከል ደግሞ የጎጃም። ከመጠለያ ጣቢያ በጭነት መኪና፣ በአውቶቡስና በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን የተጫነው ደገኛ ገበሬ የወረደው ቀርከሃ በሞላበት፣ ወባ በሚያጠቃው ቆላ ላይ ነበር። ስለ ሠፈራው ብዙ ተጽፏል። በግዳጅ የሚፈጸም ነው ብሎ አጥብቆ የተቃወመው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1978 ዓ.ም. ከሀገር ተባረረ፤ የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ይህ ጸሐፊ ወደዚያ ክርክር አይገባም። እርሱን የሚያሳስበው ከቁጥሩ ኋላ የቀረ አንድ ነገር ነው።

ለሠፈራ የሚፈለገው ጉልበት ነበር። መሬት የሚመነጥር፣ የሚያርስ፣ የሚሸከም። ዕድሜ የጫነው ሰው ብዙውን ጊዜ እዚያው ከደጁ ቀረ፤ ወይ አስቀድሞ ረሃቡ ወሰደው። በጥድፊያው የተለያየው ቤተሰብም ብዙ ነበር። እናም በአዲሱ መንደር በብዙው ጎጆ አባት አለ፣ እናት አለች፣ ልጅ አለ፤ አያት የለም።

ይህን እንደ ቀላል ጉድለት የሚያይ ሰው በክርስቲያን ቤት ያላደገ ነው ብዬ እፈርዳለሁ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የተሰጣቸውን ስም ወላጅ ቢረሳው የማትረሳው አያት ናት። እናት ውኃና እንጨት፣ አባት እርሻ ሲውሉ ሕፃኑን ማማተብ የምታስተምረው፣ አቡነ ዘበሰማያትን በቃሉ የምታስይዘው፣ በፍልሰታ «እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ታገሥ፣ ልጄ» እያለች ጾምን የምታስጀምረው እርሷ ናት። ቄሱ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ይህን ያውቅ ነበር። ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክት የወጣቱን እምነት ሲያወሳ ግሪካዊ አባቱን አያነሣም፤ አያቱን ሎይድን ከእናቱ ከኤውንቄ አስቀድሞ ይጠራል። በግሪክኛው አዲስ ኪዳን «ሴት አያት» የሚለው ቃል የሚገኘው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው። (እኛ ግጥም የምንሞክር ሰዎችም ከዚህ አንሻልም። ስለ እናት የገጠምነው ስፍር ቁጥር የለውም፤ ለአያት የተረፈላት ተረት ተረት ብቻ ነው።)

አያት ሌላም ሥራ ነበረው። በቤተ ክርስቲያን ልማድ ሁለት ወጣቶች ከመጋባታቸው በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቆጣሪው ማን ነው? መዝገብ የለም፤ ቅጽ የለም፤ የአያት ትዝታ ብቻ ነው። በሠፈራ መንደር ከላስታ የመጣው፣ ከየጁ የመጣው፣ ከአምባሰል የመጣው ጎን ለጎን ጎጆ ቀልሶ፣ ልጆች አድገው መፈላለግ ሲጀምሩ ቆጣሪ ጠፋ። አንዲት እናት እንዳጫወቱኝ፣ ልጃቸውን ከመዳራቸው በፊት ባለቤታቸውን ወደ ወሎ ሰደዱ፤ የሁለቱን ወገን አስቆጥረው እንዲመለሱ። ሰውየው ከብዙ ቀን በኋላ ሲመለሱ ቆጠራው አራተኛው ቤት ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በረሃቡ አልቀው ነበር። «ታዲያ ምን አደረጋችሁ፣ እማማ?» ብላቸው፣ «ምን እናደርጋለን፣ ልጄ! ቄሱ ጸለዩ፤ ዳርናቸው» አሉኝ።

መጽሐፈ ሩትን ለረጅም ጊዜ የማነበው የአንዲት ታማኝ ምራት ታሪክ አድርጌ ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ግን የኑኃሚን ታሪክ ሆነብኝ። በቤተ ልሔም ረሃብ ገባ፤ ኑኃሚን ከባልዋና ከሁለት ልጆችዋ ጋር ወደ ሞዓብ ተሰደደች፤ ሦስቱንም እዚያው ቀብራ ባዶ እጅዋን ተመለሰች። በመጨረሻ ሩት ከቦዔዝ ወንድ ልጅ ስትወልድ የጎረቤት ሴቶች ልጁ ለኑኃሚን ተወለደላት አሉ፤ እርሷም ሕፃኑን ታቅፋ አሳደገችው። ልብ በሉ፤ ሕፃኑ ኢዮቤድ በሥጋ የልጅዋ ልጅ አይደለም። ልጆችዋ ሞተዋል። አያት ያደረጋት ማቀፍዋ ነው። ከዚያ እቅፍ እሴይ፣ ከእሴይ ዳዊት ይወርዳል፤ ማቴዎስም በመጀመሪያው ምዕራፍ ኢዮቤድን ከጌታ የዘር ሐረግ ውስጥ ይቆጥረዋል።

በሠፈራ መንደሮች የሆነው ይኸው ነው። ልጆችዋን በመንገድ ያጣች፣ ወይም ብቻዋን የመጣች አሮጊት የጎረቤት ልጆች «እምዬ» ይሏት ጀመር። ስታረጥብ የምትውል፣ ስትቆጣ የምትፈራ፣ ስታማትብ የምትከተል የመንደሩ አያት ሆነች። የክርስትና ልጅነት የሥጋ ዝምድናን ተካ። ከሠፋሪው እጅግ ብዙው ሙስሊም ነው፤ በወሎ ደግሞ አንዱ አያቱ ክርስቲያን ሌላው አያቱ ሙስሊም የሆነ ሰው ብርቅ አይደለምና ይህ ጉዲፈቻ የሃይማኖት አጥርን ሳይቀር የዘለለበት ቤት አለ።

አንድ ነገር ግን መሸሸግ አይገባም። መሬቱ ሰው የሌለበት ነው ተብሎ ነበር፤ አልነበረም። ጉሙዙ አንዱን ማሳ አርሶ፣ ለዓመታት አሳርፎ ወደ ሌላው የሚዞረው ከአያት ቅድመ አያቱ በወረሰው ሥርዓት ነው። በአሶሳ በኩል ያለው በርታም የራሱ አዛውንት፣ የራሱ የትውልድ ቆጠራ አለው። አያቱን ያጣው ሠፋሪ የወረደው በሌላ ሰው አያት መሬት ላይ ነበር። ሠፋሪውም፣ ባለ መሬቱም አልተጠየቁም።

በዚህ ላይ የቆየ ቂምና የአዲስ ዘመን ፖለቲካ ተደራርቦ በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ፤ ብዙው በቻግኒ አቅራቢያ በራንች መጠለያ ሠፈረ። በልጅነቱ በ1977 ከወሎ ተነሥቶ፣ አድጎ፣ ወልዶ፣ አያት ሆኖ፣ እንደገና በድንኳን ውስጥ ወረፋ የያዘ ሰው በዚያ ቢኖር አይገርምም። ልዩነቱ አሁን የልጅ ልጁን እጅ ይዞ መሆኑ ነው።

ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ነው። በእኛ ትውፊት ሐና እና ኢያቄም ጠላት ፈርተው ወደ ሊባኖስ ተራራ ሸሽተው ነበርና ድንግል ማርያም የተወለደችው ከቤት ውጭ፣ በስደት ነው። በዓሉ በየደጁና በየዛፉ ሥር፣ ንፍሮ ተቀቅሎ የሚከበረውም ስለዚህ ነው። የጌታ አያቶች ስደተኞች ነበሩ ማለት ነው። ይህን ለአሶሳ መንደር አሮጊቶች ማስረዳት አያስፈልግም።

ባለፈው ዓመት ከአንዱ መንደር ማንጎ ጥላ ሥር ተገኝቼ ነበር። ስንዴው፣ ባቄላው፣ በቆሎው ተቀላቅሎ በትልቅ ድስት ቀርቧል። አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ድስቱ አጠገብ ተቀምጠው በእፍኝ ያድላሉ። ሕፃናቱ ተሰልፈዋል። እርሳቸው ከመስጠታቸው በፊት እያንዳንዱን፣ «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። አንዱ ትንሽ ልጅ በሁለት እጁ ሳህኑን እንደያዘ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ተናገረ። እማማ ሦስተኛውን ስም ሲሰሙ እጃቸው ድስቱ ውስጥ ለአፍታ ቆመ። ያውቁታል፤ በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ ሰው ናቸው። ለልጁ ሁለት እፍኝ ሰጡት።