ቀንድ፣ ቅልና ሙዳይ፦ የውበት ቅባት አያያዝ በጎንደርና በሰሜን ደጋ

ስለ ቀድሞው ዘመን የውበት መጠበቂያ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ምን ይቀቡ እንደነበር፣ ማን ይቀባ እንደነበርና ቅባቱ ከየት ይመጣ እንደነበር ሲሆን፣ የተዘጋጀው ነገር ሳይበላሽ በምን ተይዞ ይከርም እንደነበር ግን እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ በጎንደር ከተማና ከእርሷ በስተሰሜን በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ እስከ ሰሜን ተራሮች በሚዘልቀው ደጋ፣ ለፊት፣ ለጸጉርና ለገላ የሚውለው ነገር እንደ ጠባዩ የራሱ ማስቀመጫ ነበረው። ማስቀመጫውን መምረጥ፣ ማጠን፣ መክደንና በጊዜው መለወጥ ቅባቱን ከማዘጋጀት ያላነሰ ሙያ ነበር፤ ይህን ሙያ ይዘው ለልጆቻቸው ያስተላለፉትም በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ።

ከዚህ አያያዝ በጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው የዝባድ አቀማመጥ ነው። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ (ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. የነገሡት) የቆዳ ሕመም በጸናባቸው ጊዜ ሐኪም ፍለጋ ሐጂ አሊ የተባለውን መልእክተኛቸውን ወደ ካይሮ ላኩ፤ ሐጂ አሊም ሻርል ፖንሴ የተባለውን ፈረንሳዊ ሐኪም በስናር በኩል ይዞት መጥቶ፣ ፖንሴ በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ። ይህ ለቆዳ ሕክምና የመጣ ሰው ከጎንደር በስተደቡብ ስላለችው እንፍራንዝ በጻፈው ማስታወሻ፣ በከተማይቱ ጥርኝ የሚያረቡ ነጋዴዎች እንዳሉና ከእነርሱም እስከ 300 ጥርኝ ያላቸው እንደሚገኙ ይናገራል። ጥርኝ ድመት መሰል የዱር እንስሳ ስትሆን፣ ከጅራቷ ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣው ወፍራምና ሽታው የከበደ ቅባት ዝባድ ይባላል። ፖንሴ እንደሚለው እንስሳቱ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሥጋ፣ በቀሪዎቹ ቀናት ደግሞ በወተት የተሠራ ገንፎ መሰል ምግብ ይበላሉ፤ ዝባዱም በሳምንት አንድ ጊዜ ተፍቆ በበሬ ቀንድ ውስጥ ከተጠራቀመ በኋላ የቀንዱ አፍ በሚገባ ይደፈናል። ሐኪሙ ቅባቱ ከእንስሳዋ ላብ ጋር የሚወጣ መስሎት ነበር፤ ስለ አያያዙ የተወው ቃል ግን ከ300 ዓመት በኋላም ዋጋ ያለው ምስክርነት ነው።

ቀንድ ለዚህ ሥራ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ያልተቀባ ሸክላ ቅባትን ይመጣል፤ ቅልም ሽታ ጠጥቶ ያስቀራል፤ ቀንድ ግን ቅባት አይመጥም፣ ብርሃንም እምብዛም አያሳልፍም፣ በበቅሎ ጭነት ላይ ሲንገላታም በቀላሉ አይሰበርም። በኋለኛው ዘመን ንግድ እንደታየው የቀንዱ አፍ የሚታሰረው በእርጥብ ቆዳ ነበር፤ ቆዳው ሲደርቅ እየተኮማተረ አፉን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ ቀንዱን ማንም ቢከፍተው እሽጉ መነካቱን ይናገራል። ይህ ለገዢው ትልቅ ነገር ነበር፤ ዝባድ ውድ በመሆኑ ቅቤና ሌላ ስብ እየቀላቀሉ የሚሸጡ ነበሩና። ዝባድ በዚህ ዓይነት ታሽጎ ረጅም መንገድ ሊጓዝ የቻለበትን ምክንያት የኋላ ዘመን ኬሚስትሪ ያስረዳል፤ ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1926 እ.ኤ.አ. አወቃቀሩን የገለጸው ሲቬቶን የተባለው የዝባዱ ዋና መዓዛ ሰጪ ውሑድ ቶሎ የማይተንን በመሆኑ፣ ሌሎች ቀላል መዓዛዎችን ጭምር ይዞ ያቆያል። የቀንድ እሽጉ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዝባድ ንግድ ውስጥ መቆየቱ የማስቀመጫውን ብቃት ለማመን ይበቃል።

ከዝባድ ይልቅ በየቤቱ የነበረውና አያያዙም የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ለጋ ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ ማለት ከተናጠ በኋላ ያልነጠረ ትኩስ ቅቤ ሲሆን፣ ለአናትና ለገላ የሚመረጠው እርሱ ነው፤ የነጠረውና ቅመም የገባበት ለወጥ ይውላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከውሃ ነው። በለጋ ቅቤ ውስጥ ከክብደቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ውሃና ጥቂት የአሬራ ቅሪት ስለሚኖር፣ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራቡበታል፣ ስቡም ውሎ ሲያድር ይሸታል፤ ሲነጠር ውሃው ተንኖ አተላው ስለሚለይ ለወራት ይቆያል። የደጋዋ እመቤት ስለ ተሕዋስያን ባትማርም የምትከተለው ሥርዓት ከዚህ ጋር የሚስማማ ነበር፤ ለአናት የሚሆነው ከገበያ በቅጠል ተጠቅልሎ ሲመጣ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ ታጥበውና አሬራውን ታስወጣለች፣ በትንሽ ቅል አድርጋ ፀሐይና ምድጃ በማይደርስበት ጥግ ታኖረዋለች። የደባርቅ ብርድ በዚህ ረገድ ባለውለታ ነው፤ ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ቅቤው ሳይቀልጥ ይሰነብታል፣ በጣና ዳር ባለው በደምብያ ሜዳ ግን ያን ያህል አይታገሥም።

ቅሉ ራሱ ከመሞላቱ በፊት ይዘጋጃል። ፍሬው ወጥቶ ውስጡ ይፋቃል፣ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ታጥቦ ከደረቀም በኋላ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ መልካም ሽታ ብቻ ሳይሆን የተሕዋስያንን ዕድገት የሚገቱ ውሑዶችን በቅሉ ግድግዳ ላይ ይተዋል። በድንበሩ ማዶ በሱዳን ድልካ የሚባለው ገላ ማሻ ሊጥ ከማሽላ ዱቄት ተቦክቶ በጭስ የሚበስልበትና ከሽቱ ጋር ተለውሶ በክዳን ዕቃ ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥበት ልማድም ያው መርሕ ሲሆን፣ በመተማ በኩል ከስናር ጋር ለዘመናት ይነግድ ለነበረው ለጎንደር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በቆላው ወገን ሴቶች የሚሞቁት የወይባ ጭስ እንዲሁ የሚፈልገው ነገር አንድ ነው፤ እንጨቱ ዝናብ ሳይነካው ደርቆ መቀመጥ አለበት።

ከቅቤ ጋር የሚሄደው አደስ ነው። አደስ ቅጠሉ መዓዛ ያለው ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ቅጠሉ ተቀጥፎ በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ መዓዛውን የሚሰጠው ዘይት ይተንናልና። ደርቆ የተወቀጠው ዱቄት በደረቅ ዕቃ ለብቻው ይቀመጣል እንጂ አስቀድሞ ከቅቤው ጋር አይለወስም፤ የሚለወሰው በሚቀቡበት ሰዓት፣ ለዚያው ቀን የሚበቃው ያህል ብቻ ነው። በክረምት ለእጅና ለእግር ማቅለሚያ የሚቆፈረው የእንሶስላ ሥር ደግሞ ጨርሶ ማከማቸት አይወድም፤ ተወቅጦ፣ በእጅና በእግር ላይ ታስሮ፣ በዚያው ሌሊት ሥራውን ይፈጽማል።

ደረቁ ዕቃ፣ ማለትም ኩሉ፣ መኳያው፣ መስታወቱና ጌጡ፣ ማረፊያው ሙዳይ ነበር። ሙዳይ ከስንደዶና ከአክርማ በቀለም የሚሰፋ ባለ ክዳን ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ ስፌቱ አየር ስለሚያሳልፍ ውስጡ አይሻግትም፤ ለኩል ዱቄት ግን ይህ ስለማይበቃ ኩሉ በቀንድ ወይም በብረት በተሠራ ጠባብ መያዣ ተወትፎ ከሙዳዩ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ የአያያዙ ዕውቀት ወሰን አለው። ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ኩል በምንም ዓይነት መያዣ ቢቀመጥ መርዝነቱ አይለቀውም፤ ለሕፃናት ዓይን ጭምር ሲውል የኖረ በመሆኑ ይህ በቀላሉ ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ነው።

ዛሬ በጎንደር ሱቆች የሚሸጠው የፊት ማስክ የቀንዱን ሥራ ለፋብሪካው አስረክቧል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚለጠፈው ማስክ በአሉሚኒየም ከረጢት ታሽጎ ይመጣል፤ በብልቃጥ ያለው የሸክላ አፈር ማስክ ተሕዋስያንን የሚከላከል ኬሚካል ተጨምሮበት፣ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል የሚያመለክት የተከፈተ ብልቃጥ ሥዕል ይታተምበታል፤ ይህን ምልክት የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገዳጅ አድርጎታል። ሆኖም እሽጉ ከተከፈተ የፋብሪካው ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። ከዚያ በኋላ በሰኔና በመስከረም መካከል ባለው ዝናባማ ወቅት ብልቃጡን እንፋሎት በሞላበት መታጠቢያ ቤት መተው፣ እርጥብ ጣት መክተት ወይም በመስኮት ፀሐይ ላይ ማኖር ቀድሞ ቅቤን ያበላሽ የነበረውን መንገድ መልሶ መክፈት ነው፤ ደረቅ ማንኪያ፣ የጠበቀ ክዳንና ቀዝቃዛ ጨለማ ጥግ ዛሬም አልተተኩም።

በቤት የሚቀላቀለው ማስክ ከሁሉ ይበልጥ ይህን ሥርዓት ይሻል። ማር ለብቻው ዓመት ተቀምጦ የማይበላሸው ውሃው ጥቂት ስለሆነ ነው፤ እርጎ ወይም ውሃ ሲገባበት ግን ያ መከላከያው ይጠፋል፣ እርድ ቢጨመርበትም አይመለስም። ስለዚህ ማሩ በማሰሮው፣ እርዱም በደረቅ ዕቃው እንደ አደሱና እንደ ቅቤው ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ የሚደባለቁትም ለአንድ ጊዜ የሚበቃው ያህል ብቻ ሲሆን፣ የተረፈው ለነገ ሳይባል ይደፋል።