የባቡርና የባርጅ ክርክር፡- ለመሆኑ «ርካሹ» የቱ ነው?

ባርጅ በወንዝ ላይ ከባድ ጭነት የሚያመላልስ ጠፍጣፋ ጀልባ ነው። በአሜሪካ የባርጅና የባቡር ኩባንያዎች በጭነት ታሪፍ ሳቢያ ለአሥርት ዓመታት ተካሰዋል። ጭብጡ፣ ባቡር ጭነት ለመሳብ ዋጋውን እስከ የት መቀነስ ይችላል? የሚል ነበር።

ሕጉ ራሱ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይስብ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1940 የትራንስፖርት ፖሊሲ የእያንዳንዱ ማጓጓዣ ተፈጥሯዊ ብልጫ እንዲጠበቅ ያዛል። በ1958 የተጨመረው ድንጋጌ ደግሞ የ1940ው ፖሊሲ ከግምት ገብቶ፣ የአንዱን ገበያ ለመጠበቅ ሲባል የሌላው ታሪፍ ከፍ እንዲል አይደረግም ይላል።

ግጭቱ ጎልቶ የወጣው ከፒትስበርግ አካባቢ ወደ ስቲልተን፣ ኬንታኪ በሚጓዝ ጭነት ላይ ነው። ጭነቱ የቀለጠ ብረት የሚፈስባቸው ቅርጽ ማውጫዎች ሲሆን፣ በባርጅና በካሚዮን በቶን 5.11 ዶላር ይጓጓዝ ነበር። በ1963 ሁለት የባቡር ኩባንያዎች ታሪፋቸውን ከ11.86 ወደዚያው 5.11 ዶላር አወረዱ። ባርጆቹም ለተቆጣጣሪው ኢንተርስቴት ኮሜርስ ኮሚሽን አቤት አሉ።

ሁሉም ነገር በወጪ አቆጣጠሩ ላይ ተንጠለጠለ። የሐዲዱ ጥገና፣ አስተዳደሩና ሌላው ቋሚ ወጪ ተከፋፍሎ ሲታሰብ ባቡሩ በቶን 7.59፣ ባርጁና ካሚዮኑ 5.19 ዶላር ያወጣሉ። ጭነቱ የሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ ብቻ ከታሰበ ግን የባቡሩ 4.69 ዶላር ነው። ስለዚህ ባቡሮቹ «በ5.11 እናተርፋለን» አሉ። ባርጆቹ በበኩላቸው፣ ትልቅ ኩባንያ ቋሚ ወጪውን በሌሎች ደንበኞች ላይ ጭኖ ትንሹን ከገበያ ያስወጣል ሲሉ ተከራከሩ።

ኮሚሽኑ ሙሉ ወጪውን መለኪያ አድርጎ የባቡሮቹን ታሪፍ ውድቅ አደረገ። የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ቢሽረውም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 መለኪያውን የመምረጥ ሥልጣን የኮሚሽኑ ነው ሲል አጸናው። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ናቸው።

ይሁንና ባቡሮቹ በችሎት ያጡትን በምክር ቤት አገኙት። የ1980 የስታገርስ ሕግ፣ ተለዋዋጭ ወጪውን የሚሸፍን የባቡር ታሪፍ ከሚገባው በታች ወርዷል ተብሎ እንዳይከሰስ አደረገ። መንግሥት በሚያስጠርገው ወንዝ ላይ ያለ ክፍያ ይጓዙ የነበሩት ባርጆችም ከዚያው ዓመት ጀምሮ የነዳጅ ግብር መክፈል ጀመሩ። ኮሚሽኑ ራሱ በ1995 ማብቂያ ፈርሶ፣ ቀሪ ሥልጣኑ ለየብስ ትራንስፖርት ቦርድ ተላለፈ።

በአንድ ሐዲድ ላይ ብዙ ዓይነት ጭነት እስካለ ድረስ ቋሚውን ወጪ ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ታሪፍ የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤትም «ርካሹ የቱ ነው?» ከማለቱ በፊት «በየትኛው ወጪ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።