ከማሲንቆ ዙሪያ እስከ ድምፅ ማጉያ፤ ተውኔትና ሕዝባዊ ንግግር በምዕራብ ጎጃም

በአገራችን የተውኔት ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ስለ አዳራሽ፣ ስለ መጋረጃና ስለ ደራሲ ነው። አዳራሽ በሌለበት አገር፣ ይልቁንም በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባለው ገጠር፣ ትርኢትና ከትርኢቱ ጋር አብሮ የሚጓዘው ንግግር እንዴት ለሕዝብ ይቀርብ እንደ ነበረ ግን እምብዛም አልተጻፈም። ጉዳዩ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ብቻ አይደለም፤ ድምፅን ከአፍ ወደ ጆሮ የማድረስ፣ መልሱንም የመቀበል ጉዳይ ነውና መሐንዲሱንም ይመለከታል።

የጎጃም ገበሬ ተውኔት የሚለውን ቃል ሳይሰማ ኖሮ ይሆናል፤ ተመልካችነትን ግን ከማንም አልተማረም። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ደብረ ኤልያስን በመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤዎች ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል፣ ይመልሳል። በበዓል ቀን ቅኔ ሲዘረፍ የሰሙት ሊቃውንት «ይበል! ይበል!» ይላሉ፤ ያልገባው ፍቺውን ይጠይቃል፤ ሰሙና ወርቁ ተለይቶ እስኪነገር ድረስም ነገሩ አለቀ አይባልም። በሠርግ ቤትና በጠጅ ቤት ደግሞ አዝማሪው ብቻውን አይዘፍንም። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። በዛፍ ጥላ ሥር ይካሄድ የነበረው የ«በላ ልበልሃ» ሙግት እንኳ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን እያወናጨፉ በግጥምና በምሳሌ የሚሟገቱበት፣ ተሰብሳቢውም አስተያየቱን የማይሸሽግበት ትርኢት ነበር። በዚህ አገር ትርኢትና ውይይት ተለያይተው አያውቁም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የእንዲህ ያለውን ጉባኤ ስፋት የሚወስነው መሣሪያው ነው። ማሲንቆ ቆዳ በለበሰ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ላይ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ የሚወጠርበት መሣሪያ ነው። በገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፅ መጠን በ6 ዴሲቤል ያህል ስለሚወርድ ማሲንቆ በደንብ የሚሰማው ጠጋ ብሎ ለከበበው ሰው ነው። ጠጋ ብሎ የከበበ ሰው ደግሞ እርሱም ሲናገር ይሰማል። ክቡ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ድምፅ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይመላለስበታል።

ዘመናዊው ተውኔት የተጀመረው ከዚህ ርቆ በአዲስ አበባ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1910ሮቹ ዓ.ም. በመኳንንት ፊት ታየ፤ በአውሬዎች ተረት አስመስሎ የዘመኑን አስተዳደር የሚነቅፍ በመሆኑም ታገደ። ተውኔትን ከጉባኤው ልማድ ጋር ያጋቡት ግን የደብረ ኤልያስ ተወላጅ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ደብረ ኤልያስ ከደምበጫ በስተደቡብ የምትገኝ የቅኔ አገር ናት። ዮፍታሔ በቅኔ ከበሰሉ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ተማሪዎችን እያሠለጠኑም ግጥምና ዜማ የተዋሐዱበትን ተውኔት ለሕዝብ አሳዩ። ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን ለደረሱት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን የጻፉትም እሳቸው ናቸው። «ምስክር»፣ «እያዩ ማዘን»፣ «አፋጀሽኝ» የተሰኙት ተውኔቶቻቸው ገና በአርእስታቸው ፍቺ የሚሹ ናቸው፤ ተመልካቹ ከቤቱ ሲደርስ ከጎረቤቱ ጋር እንዲከራከርባቸው የተጻፉ ይመስላሉ።

በ1927 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ለወረራ ስትሰናዳ በመኰንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ ሀገር ፍቅር ሲባል የሚታሰበን ቲያትር ቤት ነው፤ በጅምሩ ግን ቲያትር ቤት አልነበረም። ሕዝብ ተሰብስቦ ስለ መጣበት አደጋ ንግግር የሚሰማበት፣ አዝማሪዎች በማሲንቆ የሚያነሣሱበት፣ ግጥም የሚነበብበት ጉባኤ ነበር። ተውኔቱ ከንግግሩ ወጣ እንጂ ንግግሩ ለተውኔቱ ማሟያ አልተቀጠለም። ዮፍታሔን የመሰለ ባለቅኔ በዚያ ጉባኤ ውስጥ እንግዳ አልነበረም፤ የአድባራቱን ሥርዐት በከተማ አደባባይ አገኘው ማለት ነው። ወረራው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ሲጀመር ጉባኤው ተበተነ፤ ዮፍታሔም በወረራው ዘመን ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

ንግግር ወደ ምዕራብ ጎጃም በመሣሪያ ተጭኖ የገባው ከዚያው ከሱዳን በኩል ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። በእንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ወታደሮች የተውጣጣ ሆኖ 2,000 ያህል ሰው ብቻ ነበረው። በቡሬ፣ በማንኩሳና በደምበጫ ምሽግ የያዘው የጠላት ጦር በቁጥር ብዙ እጥፍ ይበልጠው ነበር። የደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና የደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ ያደከሙት ጠላት ባይሆን ኖሮ ጉዞው እንዲያ በቀለለ አይፈጸምም ነበር። የጎደለውን ኃይል በከፊል የሞላው ግን ንግግር ነው። ቀድሞ ጋዜጠኛ የነበረው ጆርጅ ስቲር የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ በካርቱም እያሳተመ ያሠራጭ ነበር፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ድምፅ ማጉያ ነበረ። በጠላት ሰንደቅ ሥር የተሰለፈው የአገር ተወላጅ በሚያውቀው ቋንቋ ወደ ወገኑ እንዲመለስ ይጠራ ነበር።

ለመሣሪያው ሰው ይህ የሚያስደንቅ ነው። ማጉያው የማሲንቆውን ክብ ሰበረ፤ ድምፅ ምሽግ ተሻገረ። መልሱ ግን አልተቋረጠም፤ የተጠራው ወታደር ጠመንጃውን እንደ ያዘ በሌሊት ከድቶ ይመጣ ነበርና መልሱን በእግሩ ሰጠ። የካቲት 25 ቀን ጠላት ቡሬን ለቀቀ። በቀድሞ ስሟ ወጀት የምትባለውና ኋላ በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት የሆነውን ስም ያገኘችው ፍኖተ ሰላም በዚሁ ጎዳና ላይ ናት። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ከነጻነት በኋላ የሀገር ፍቅር ማኅበር እንደገና ተነሥቶ ኢጣሊያኖች የመዝናኛ ቤት አድርገውት በነበረው የፒያሳ አዳራሽ ገባ። ዮፍታሔ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1948 ዓ.ም. ኋላ ብሔራዊ የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተከፈተ። ተውኔት ጣሪያ አገኘ፤ መብራትና መጋረጃ አገኘ፤ ንግግሩ ግን ከመድረኩ ወርዶ የባለሥልጣን ሥራ ሆነ። ወደ ገጠር የሚሄደውም ይኸው የባለሥልጣን ንግግር ነበር።

ውጤቱ በ1960 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ የገበሬውን ገቢ መገመትን ይጠይቅ ነበር፤ የጎጃም ባለርስት ደግሞ ግምትን ከመሬት መለካት፣ መሬት መለካትን ርስት ከመነጠቅ ለይቶ አላየውም። ገማች ማሳው ላይ ሲቆም ለገበሬው ቁጥር የሚይዝ ጸሐፊ ሆኖ አልታየውም፤ ከአባቱ አጥንት ጋር የሚሟገት ባላጋራ ሆኖ ታየው። ዐዋጁን የሚያስረዱ ሹማምንት መጡ፤ አስረዱ፤ ሄዱ። «ተቀበል!» የሚል አልነበረም። ጎጃም አመፀ፤ ጦርና አውሮፕላን ተላከበት፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሥተው ግብሩ በጎጃም ሳይጸና ቀረ። የዐዋጁ ሐሳብ በራሱ ክፉ አልነበረም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ሆኖም ዐሥርና ዐሥራ አምስት ሽማግሌዎች በአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ጠይቀውት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚፈሩት ምን እንደ ሆነ ደም ሳይፈስ ይታወቅ ነበር።

ትርኢትና ንግግር በገጠር እንደገና የተገናኙት በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ነው። 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ሲሠማሩ ትምህርቱን በዘፈንና በአጭር ድራማ ማጀብ የተለመደ ሆነ። ቀጥሎም ከክፍለ ሀገር እስከ ቀበሌ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ የጎጃሙ «ግሽ ዓባይ» ከታወቁት አንዱ ነበር። አዳራሽ በሌለበት የጭነት መኪና ጎኑ ወርዶ መድረክ ይሆናል፤ ጥሩምባ መሰሉ ድምፅ ማጉያ ከእንጨት ላይ ይታሰራል፤ ጄኔሬተሩም ከጀርባ ያጓራል። ሕዝቡ ለዘፈኑ ይመጣል፤ ከዘፈኑ በፊት ወይም በኋላ የካድሬ ንግግር አለ። አያሌ ድምፃውያንና ተዋንያን የወጡት ከእነዚህ ቡድኖች ስለ ሆነ ሁሉም ከንቱ ነበረ ማለት ግፍ ይሆናል። በ1971 ዓ.ም. ለተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ቢሆን ዘፈኑና ድራማው ሕዝብ በመጥራት ረድተዋል። ነገር ግን ማይክሮፎኑ አንድ ነው፤ የሚይዘውም አንድ ሰው ነው። ማጉያው አንድን ድምፅ ለሺህ ሰው ሲያደርስ የሺውን ሰው ድምፅ ወደ መድረኩ አይመልስም። በ1933 ዓ.ም. የተሰማው ዐይነት የእግር መልስ ደግሞ በዚህ ጊዜ አይቻልም፤ ከስብሰባ መቅረት የሚያስጠይቅ ነበርና።

በእነዚሁ ዓመታት በሌላው የአፍሪካ ክፍል ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ1974 በተጀመረው «ላኤድዛ ባታናኒ» የመንደሩን ችግር የሚያሳይ አጭር ተውኔት ከታየ በኋላ ተመልካቹ በትናንሽ ቡድን ተከፋፍሎ ይነጋገር ነበር። ብልሃቱ መከፋፈሉ ላይ ነው፤ ትልቁ ጉባኤ ወደ ማሲንቆው ክብ መጠን ተመለሰ ማለት ነውና። በኬንያ ካሚሪቱ መንደር ደግሞ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 በኪኩዩ ቋንቋ ያዘጋጁትን ተውኔት ገበሬዎቹ ራሳቸው በልምምዱ ያርሙት ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታገደ፤ ደራሲውም በዓመቱ መጨረሻ ታሰረ። ከ«ፋቡላ» መታገድ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ጉልህ ነው፤ ያኛው የታገደው መኳንንቱ ወርቁን ስለ ፈቱት ነበር፤ ይኸኛው ገበሬው ስለ ፈታው።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ዘግየት ብሎ የገባው ተውኔት ደግሞ መድረክም መኪናም አላስፈለገውም። ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት፤ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ሴቶች መብት በተከታታይ ድራማ ያስተምር ነበር። በባትሪ የሚሠራ አንድ ሬዲዮ ዙሪያ ጎረቤት ይሰበሰባል። የሬዲዮው ድምፅ እንደ ማሲንቆው ጠጋ ላለ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው፤ ስለዚህ ድራማው ሲያልቅ ክርክሩ እዚያው ይጀመራል። ለአዘጋጆቹም በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ከየአገሩ ይደርሳቸው ነበር፤ መጻፍ የማይችለው ሰውም ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጁን አስቀምጦ ያስጽፍ ነበርና፣ መልሱ በፖስታ ሳምንታት ዘግይቶ ቢሆንም ይደርስ ነበር።