ራያ በ1928 ለምን ተኮሰ?

መጋቢት 22 በመጣ ቁጥር ማይጨው ይነሣል። የመርዝ ጋዙ፣ የክብር ዘበኛው ጀግንነት፣ የጃንሆይ ስደት በየዓመቱ ይተረካል። አንድ ጉዳይ ግን ዛሬም ድረስ ያከራክራል። ከማይጨው ያፈገፈገውን የወገን ጦር የራያና የአዘቦ ሰው ለምን ተኮሰበት?

የጦርነቱን አመጣጥ አንባቢ ያውቀዋል። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ግጭት ተነሣ። መስከረም 22 ቀን 1928 የጣሊያን ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅን ግን አልነካም። የካቲት 28 ቀን ሂትለር ወታደሮቹን ራይንላንድ ሲያስገባ የለንደንና የፓሪስ ዐይን ወደዚያ ዞረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጃንሆይ ማይጨው ላይ ጎሕ ሲቀድ ማጥቃት ጀመሩ፤ ቀኑን ሙሉ ተዋግተው የጠላትን ምሽግ መስበር ሳይችሉ ቀሩ።

ማይጨውን ከራያ ቂም ጋር የሚያገናኘው ሌላ መጋቢት 22 አለ፤ የ1922ቱ። በዚያ ቀን በበጌምድርና በወሎ ድንበር፣ አንጭም ላይ፣ የየጁው የራስ ወሌ ብጡል ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊ መንግሥት ጦር ጋር ገጥመው ወደቁ። ራስ ጉግሣ የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበሩ፣ ንግሥቲቱ ዘውድ ሲጭኑ ከትዳራቸው እንዲለያዩ የተደረጉ፣ በተፈሪ መኰንን (በኋላ ጃንሆይ በሆኑት) አካሄድ ያኮረፉ መስፍን ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት ፈረንሳዊ አብራሪ የያዘው አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ሠራዊት ላይ በመጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ወረቀት በተነ፤ ኋላ ቦምብ ጣለ። የኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፕላንን ለጦርነት ያዋለበት የመጀመሪያው ዘመን ነው። ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ።

የአንጭም ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ራያ ነው። ከ1920 ጀምሮ ወጀራት፣ ራያና አዘቦ በሹማምንቱ ብዝበዛ ተማርረው ሸፍተው ነበር። ራስ ጉግሣ ይህን ዐመፅ እንዲያበርዱ ታዝዘው ከዐመፀኞቹ ጋር ተመሳጥረዋል ተብለው ተከሰሱ። ከአንጭም ድል በኋላ ዐመፁ በጦር ኃይል ተደፈጠጠ። ዘመቻ የገባበት አገር ምን እንደሚደርስበት ለወሎ ሰው መንገር አያሻም፤ በዚያ ዘመን ሠራዊት ስንቁን የሚያገኘው ከባላገሩ ጎተራና ከባላገሩ በረት ነበር።

አንጭም ላይ የመንግሥትን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ናቸው። በየካቲት 1928 ራስ ተብለው፣ የዐድዋን ዘመን ያዩ አዛውንት ሆነው፣ አምባ አራዶም ላይ ተሸንፈው ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ እናገኛቸዋለን። ከላይ የጣሊያን አውሮፕላን፣ ከጎን የራያና የአዘቦ ጠመንጃ ጦራቸውን ያሳድደው ነበር። ልጃቸው ተገደለ። ራስ ሙሉጌታ ደሙን ሊመልሱ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ከዚያ አልወጡም። የመታቸው የአውሮፕላን ጥይት ነው የሚል አለ፤ የአዘቦ ጥይት ነው የሚልም አለ። የማንም ጥይት ይሁን፣ እኚያ አዛውንት ከስድስት ዓመት በፊት የመንግሥት ክንድ ሆነው በታዩበት አገር አንድም የሚያስጠጋቸው አላገኙም።

ጃንሆይ ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም። ከማይጨው ውጊያ በፊት የአዘቦ ባላባቶችን አስጠርተው ሐር ልብስና የማርያ ቴሬዛ ብር ሰጡ። እነርሱም የጣሊያንን ጎን እንመታለን ብለው ቃል ገቡ። በውጊያው ዕለት ግን ከዳር ቆመው ተመለከቱ፤ ድሉ የማን እንደሆነ ሲለይ በሚያፈገፍገው ጦር ላይ ተኮሱ። መጋቢት 26 ቀን ሐሸንጌ ሐይቅ ዳር ሠራዊቱን አውሮፕላን በቦምብና በመርዝ ሲፈጀው፣ ከየኮረብታው የሚተኮሰው ጥይት መሸሻ አሳጣው።

አንደኛው ወገን ታሪኩን በሁለት ቃል ይዘጋዋል፤ የጣሊያን ብር ይላል። ብሩ ነበር፤ ጠመንጃውም ነበር። ጣሊያኖች ለራያና ለአዘቦ ገንዘብና መሣሪያ ማደላቸው የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ራያ በ1920 ሲሸፍት ጣሊያን ገና ከመረብ ማዶ ነበር። በ1935 ራያና ወጀራት በቀዳማይ ወያኔ ዐመፅ እንደገና ሲነሡ ደግሞ ጣሊያን ተሸንፎ ከአገር ወጥቷል፤ ያን ጊዜ ዐመፁን ለማብረድ የእንግሊዝ አውሮፕላን መቀሌን ደብድቧል። ከጣሊያን በፊትም ከጣሊያን በኋላም የነበረን ብሶት የጣሊያን ብር ወለደው ማለት ያስቸግራል። ብሩ ያገኘው የተዘጋጀ ቂም ነው።

ወደ 1928 ስንመለስ፣ ከሐሸንጌ በኋላ ከቆረም በታች ያለው ታሪክ አጭር ነው። ሚያዝያ 1 ቀን የጄኔራል ፒርዚዮ ቢሮሊ የኤርትራ ኮር ከቆረም ተነሣ። ስንቁን አውሮፕላን እየጣለለት በቆቦ፣ በወልድያ፣ በመርሳ አድርጎ ወረደ። ሳምንቱ የትንሣኤ ነበር፤ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 4 ነው። ጣሊያን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ውል የተፈራረመባትን ውጫሌን በዚህ መንገድ ካለፈ በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን ያለ ውጊያ ያዘ። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን ከተማዋን ለቀው ወጥተው ነበር። ጃንሆይ ከሐሸንጌ ወደ ላሊበላ ታጥፈው ለጥቂት ቀናት ጸሎት ካደረጉ በኋላ ወደ ደሴ ሲያቀኑ ይህን ሰሙ። በፍቼ በኩል ዞረው አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያም ወደ ስደት ሄዱ። ሚያዝያ 27 ቀን ጣሊያን ዋና ከተማዋን ያዘ።

ያ መንገድ ዛሬም ከወልድያ በስሪንቃ፣ በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ በውጫሌ፣ በሐይቅ አድርጎ ደሴ ይገባል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያም ጦር ወርዶበታል፤ የሐብሩና የጉባ ላፍቶ ወረዳዎች ያዩትን አይተዋል። ከዚያ ወዲህም «እገሌ ከዳ፣ እገሌ መንገድ መራ» የሚል ወሬ በየገበያው ይሰማል። እንዲህ ያለ ወሬ በአንድ ሕዝብ ላይ ሲለጠፍ ዘጠና ዓመት እንደሚቆይ ራያ ምስክር ነው።

መንግሥት በሰላም ጊዜ ባላገሩን የያዘበት መንገድ በጦርነት ጊዜ ይመለስለታል። ራያ በ1928 የተኮሰው ጥይት ያነጣጠረው በኢትዮጵያ ላይ ሳይሆን ከስድስት ዓመት በፊት ቤቱን በረገጠው ሠራዊት ላይ ነበር፤ ጉዳቱ ግን ለሁሉም ደረሰ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንና የወረዳዎቹ ባህል ቢሮዎች ከቆቦ እስከ መርሳ ያሉ አዛውንት ከአባቶቻቸው የሰሙትን አሁኑኑ ይቅዱ። ራያን «ከዳተኛ» እያለ የሚያስተምር መምህርም ከማይጨው በፊት የአንጭምን ዓመት ያስተምር።